መንዙማውና የጠፈሩ ካሴት

እማማ ጣይባ ያን ካሴት የሚያዳምጡት በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ከዚያ አይጨምሩም። ካሴት በተዞረ ቁጥር ይሳሳል ብሎ የነገራቸው ሰው ስላለ፣ ድምፁን እንደ ሐኪም መድኃኒት በልክ ነው የሚወስዱት።

ድምፁ የባለቤታቸው የአብዱልወዱድ ነው። አብዱልወዱድ ከወሎ፣ ከወረባቦ መጥተው መቀሌ ገበያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አቡጀዲና ቡልኮ የሸጡ፣ ሐሙስ ማታ ማታ ደግሞ የአገራቸው ሰዎች ሲሰበሰቡ መንዙማ የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ከሞቱ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ፎቶ መነሣት አይወዱም ነበርና የቀረው መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ፊታቸውን አኮሳትረው የተነሡት ስለሆነ እማማ ጣይባ አይወዱትም። ካሴቱ ላይ ግን ሰውየው እንዳሉ አሉ። ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ እሳቸው ያወጣሉ፣ ሰው ይቀበላል። ሊያልቅ ሲል ድቤው ዝም ይልና አብዱልወዱድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ጣይባ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ብርድ ገባ» ይላሉ። ከዚያ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ይቆማል።

የሰማ ሁሉ የሚወደው መንዙማውን ነው። እማማ ጣይባ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ግን ይቺን የበሯን ነገር ነው።

ልጃቸው ረምላ፣ «እማ፣ ሙዚቃ ቤት ወስደን እናስገልብጠው» ብላ ብዙ ጊዜ ለምናቸዋለች። እሺ አይሉም። ካሴቱን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው ቤታቸው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሰውየው ተሳስቶ ዘፈን ቢቀዳበትስ? እንደዚህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ማሰብ የእማማ ጣይባ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስበው ሰው የለም።

በ፲፱፻፺፭ ዓ.ም. በኅዳር ወር በአንዱ ሐሙስ እንደ ልማዳቸው ሰግደው፣ ቴፑን ከመደርደሪያው አውርደው፣ ካሴቱን አስገቡና ቁልፏን ተጫኑ። ድቤው መጣ። ጭብጨባው ግን አልመጣም። አብዱልወዱድም ሲያወጡ ድምፃቸው በሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ከጎረቤት ግድግዳ ወዲያ የሚያልፍ ይመስላል። ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ። ድምፁን ከፍ አደረጉት። ከፍ ያለው ጉምጉምታው ነው፤ ቃሉ አልጠራም። መጨረሻ ላይ የበሯ ነገር ስትደርስ «ምም፣ ምምምም» ብላ አለፈች።

እማማ ጣይባ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና እዚያው ቴፕ ላይ ያለውን ሬዲዮ ከፈቱት። ሬዲዮው እንደ ወትሮው ነው፤ ዜና የሚያነበው ሰው ትንፋሽ ሲስብ እንኳን ይሰማል። እንግዲያው ቴፑ ጤነኛ ነው። የታመመው ካሴቱ ነው ማለት ነው።

ያሳመመውንም ለማወቅ ሩቅ አልሄዱም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚያው ሰሜን በሚባለው የመቀሌ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ የሚኖረው ጎረቤታቸው መምህር ኣስመላሽ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር በፌስታል ጠቅልሎ መጥቶ ነበር። ኣስመላሽ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የሚያስተምር፣ ወጣት ሳለ ጀርመን ሄዶ የተማረ ሰው ነው። ዕቃዋን ያኔ ነው ይዟት የመጣው። «ኮምፒዩተር ናት፣ ኣደይ ጣይባ» አላቸው፣ እንደ ልማዱ በትግርኛ እናቴ እያለ። «ያረጀች ናት፤ ሳጥን ውስጥ ከምትበሰብስብኝ ሩፋይዳ ትማርባት።» ሩፋይዳ የረምላ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም። ዕቃዋ የጸሎት መጽሐፍ ታክላለች፣ ቁልፎቿ እንደ ላጲስ ይለመጣሉ። በሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትገናኛለች። የራሷ የሆነ ነገር ግን የላትም፤ ምን እንደምትሠራ በካሴት ካልነገሯት አታውቅም። ካሴቱ የሚገባው ደግሞ የአብዱልወዱድ መንዙማ በሚገባበት በዚያው ቴፕ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ የለም።

ያ ካሴት ሲጫወት ሰው የሚለው ነገር የለውም። አምስት ደቂቃ ሙሉ ይፏጫል፣ ይንጫጫል፣ ያንቋርራል። ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ቀይና ሰማያዊ መስመር እንደ ጥለት ይሮጣል። ፉጨቱ ሲያበቃ ጥቁር ሰማይ ይመጣል፣ ከዋክብት ይረጩበታል፣ ከታች አንዲት ነጭ መንኮራኩር ብቅ ትላለች። ከላይ ደግሞ ጢንዚዛ የመሰሉ ነገሮች ተሰልፈው እያወዛወዙ ይወርዱባታል። ሩፋይዳ ቁልፉን ስትጫን መንኮራኩሯ ትተኩሳለች፤ የተመታው ጢንዚዛ ይበተናል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ከሠራች በኋላ እሱ ላይ ናት። እማማ ጣይባ መጀመሪያ የፈሩት ለዐይኗ ነበር። ከዚያ ለኤሌክትሪኩ ፈሩ። ከዚያ ጨረር የሚባል ነገር አለ ሲባል ሰምተው፣ ልጅቱን አልጋው ጥግ ድረስ ወደ ኋላ አስቀመጧት፤ ሽቦው ስላልደረሰ ተመለሰች። ለአብዱልወዱድ ድምፅ ግን መፍራት አልመጣላቸውም ነበር።

አሁን መጣላቸው። ነጭ ሽንኩርት በተወቀጠበት ሙቀጫ ሌላ ነገር ቢወቅጡ እንደሚሸት ማንም ያውቃል። ያ ሁሉ ፉጨት በዚያ ቴፕ ውስጥ ሲያልፍ ከርሞ፣ ስስ የሆነችውን የመንዙማ ካሴት ፍቆ ፍቆ አደነዘዛት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ከዚህ የባሰ ሐሳብ ደግሞ ወዲያው ተከተለ። ሩፋይዳ ብትሰማስ? ልጅቱ አያቷን የምትወድ ነበረች፤ ሲሞቱ ሁለት ሳምንት ምግብ እምቢ ብላ ክሊኒክ የተወሰደች ልጅ ናት። የአባባን ድምፅ የገደልሁት እኔ ነኝ ብላ ካሰበች ምን ትሆናለች? እማማ ጣይባ ተነሥተው ካሴታቸውን ጡታቸው ሥር ሸጎጡ። ያንን ጯሂውን የጨዋታ ካሴት ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ላይ አንሥተው ፍራሽ ሥር ከተቱት። ለማንም አንድ ቃል እንዳይናገሩ ለራሳቸው ቃል ገቡ።

ያን ዕለት ሩፋይዳ ከጓሮ ስትገባ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«የት ነበርሽ?»

«ልብስ ሳሰጣ።»

«ብዙ ቆየሽ።»

«ብዙ ልብስ ነበር፣ እምዬ።»

ስለ ጨዋታው ካሴት አልጠየቀችም። በማግስቱም አልጠየቀችም። ኮምፒዩተሯን አልነካችም። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ወርውራ ትወጣና መምህር ኣስመላሽ በር ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። በሩ ተቆልፏል፤ ኣስመላሽ ለሥልጠና ማይጨው ሄዷል። የተቆለፈ በር ሥር ምን እንደምታደርግ ሲጠይቋት «ምንም» ትላለች። እራቷን ትቆነጥራለች። እማማ ጣይባ ካሴቱን ስለደበቁባት አኩርፋ ነው ብለው አሰቡ፤ ቆይተው ደግሞ ታማ ይሆን አሉ፤ ግንባሯን ሁለቴ ዳሰሱ። አልተኮሰችም።

እሑድ ረምላ ከገበያ መጥታ ጫማዋን ስታወልቅ፣ «እማ፣ ምን ሆነሻል? ከግቢው በር ሦስት ጊዜ ተጣራሁ፣ አንዴም አልመለስሽልኝ» አለች።

«አልሰማሁሽም።»

«ታዲያ ጆሮሽ ነዋ።»

ረምላ ይህን ብላ ወደ ምጣዷ ሄደች። እማማ ጣይባ ግን ቃሉን ያዙት። ጆሮዬ ከሆነስ? አሰቡት፤ ካሴቱ ደህና ነው፣ ልጅቱም ምንም አላጠፋችም፣ የደነቆርሁት እኔ ነኝ። ሬዲዮው የጠራው ደግሞ ዜና አንባቢ ስለሚጮህ ይሆናል። እያሰቡት በሄዱ ቁጥር ደስ እያላቸው መጣ። ለራሳቸው መደንቆርን ሲመኙ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን ለበሱ። ካሴቱን ቤት ትተው መሄድ ስላላስቻላቸው መሐረብ ውስጥ ቋጥረው ያዙት። በሚኒባስ ወደ ዓይደር ሰፈር፣ ወደ አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ሄዱ።

ሐኪሟ ዮሃና የምትባል፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። በትንሿ ባትሪ ሁለቱንም ጆሮ አየች። ትንሽ ኩክ አግኝታ አጠበችላቸው። ከዚያ ከጀርባቸው ራቅ ብላ ቆመችና፣ «እማማ፣ በሹክሹክታ የምለውን ይድገሙልኝ» አለች።

«እሺ።»

«ሳሙና።»

«ሳሙና።»

«ሽሮ።»

«ሽሮ።»

«ሃምሳ ስድስት።»

«ሃምሳ ስድስት። እዚያ ክፍል ያሉት ሴቶች ደግሞ የወንበሩን እግር ማን ሰበረው ይባባላሉ።»

ዮሃና ወደ ግድግዳው ዞር ብላ አዳመጠች። እሷ አልሰማችም። ሳቀች። «እማማ፣ ጆሮዎ ከእኔ ጆሮ ይበልጣል። ምንም የለብዎትም። ደስ ይበልዎት።»

እማማ ጣይባ አመስግነው ወጡ። በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደንቁረሻል ቢባሉ ይሻላቸው ነበር። ጆሮ ደህና፣ ሬዲዮ ደህና። የቀረው አንድ ነው። አብዱልወዱድ ሁለተኛ ሞቱ፤ የገደለቻቸውም የምትወዳቸው ልጅ ናት፤ ነገሩ አንድ ቀን መሰማቱ አይቀርም።

ወደ ሰሜን የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። በሩ አልገጠመም፤ በየመንገዱ ሰው ስለሚወጣና ስለሚገባ ክፍቱን ነው የሚሄደው። በሩ አጠገብ ኣስካል የምትባል፣ ቅርጫት ያቀፈች ሴት ተቀምጣ ከሹፌሩ ከረዳኢ ጋር ትጨቃጨቃለች። እሱም በእሷ ይስቃል፤ ይተዋወቃሉ። የመኪናው ቴፕ የትግርኛ ዘፈን ያሰማል።

«ኣንታ ረዳኢ፣ ይሄን ዘፈን ጠዋትም ሰምተነዋል» አለች ኣስካል። «ሌላ ካሴት የለህም?»

«ነበረኝ። ቴፑ በላው።»

«ምን ይጠጣበት ታዲያ?»

ሰው ሳቀ። እማማ ጣይባ አልሳቁም። ዐይናቸው እዚያ ቴፕ ላይ ቀርቷል። መሐረባቸውን ፈትተው ካሴቱን አወጡ፤ መልሰው ቋጠሩት፤ እንደገና ፈቱት።

«የኔ ልጅ» አሉ ወደ ሹፌሩ ተጠግተው። «ይቺን ካሴት ታጫውትልኛለህ?»

«ምንድን ናት፣ ኣደይ?»

«መንዙማ ናት። የባለቤቴ።»

«ባለቤትዎ ዘፋኝ ናቸው?»

«ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ።»

ረዳኢ መኪናውን ሰው ለማውረድ አቁሞ ካሴቱን ተቀበላቸው። በመስኮቱ ብርሃን ገልበጥ አድርጎ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀነሰ። «ኣደይ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ቴፕ አመል አለው። ያረጀ ካሴት ሲያገኝ ይጠቀልላል። ባለፈው ሳምንት የእኔን ሲበላብኝ በጥርሴ ጎትቼ ነው ያወጣሁት፤ ግማሹ ውስጡ ቀረ። ሌላ ቅጂ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ይያዙት እንግዲህ።» መልሶ ሰጣቸው።

እማማ ጣይባ ካሴቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። በጥርስ የተጎተተው ነገር ዐይናቸው ላይ ሄደ። ሁልጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። መሐረባቸውን ይቋጥራሉ፣ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ሌላ አራት ዓመት ይጨነቃሉ። ልጅቱ ትዝ አለቻቸው፤ የተቆለፈ በር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ።

«አስገባው» አሉ።

«ቢበላውስ?»

«ከሞተ ምኑ ይበላል። ካልሞተ ደግሞ ማወቅ አለብኝ።»

ኣስካል ቅርጫቷን አስተካከለች። «አስገባላቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ።»

ረዳኢ የራሱን አውጥቶ የእሳቸውን ከተተ። ጣቱን የካሴት ማውጫ ቁልፏ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እማማ ጣይባ «ቢስሚላህ» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ሽሽሽ» የሚለው የካሴቱ ድምፅ መጣ። ድቤው መጣ። ከዚያ ጭብጨባው፣ ያ ቀጭኑ፣ ጣት ለጣት የሚመታው፣ እንደ ዝናብ ወረደ። አብዱልወዱድ አወጡ። ጋቢ የለ፣ ግድግዳ የለ። ቃሉ እያንዳንዱ ከነጠርዙ ነው የሚሰማው፤ መስመሩ ሲረዝምባቸው እንዴት ትንፋሽ እንደሚሰርቁ ሳይቀር። ሰውየው ከሹፌሩ አጠገብ፣ ጋቢና የተቀመጡ ይመስላል።

እማማ ጣይባ የፊቱን ወንበር ብረት ጨብጠው ያዙ። ከኋላ ጫማው በሲሚንቶ የነጣ ሰው ተቀምጧል፤ ወሎየ ኖሮ፣ ዐንገቱን ደፍቶ በለሆሳስ ይቀበል ጀመር። ሌላው ሰው ወሬውን አቆመ። ረዳኢ ሁለት ጊዜ ማቆም ያለበት ቦታ ላይ ቆመ፣ ሁለት ሰው ወረደ፣ ሦስት ገባ፣ የገቡትም ዝም አሉ። የእማማ ጣይባ መውረጃ መጣና አለፈ። አልተነሡም።

ድቤው ዝም አለ። አብዱልወዱድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ጣይባ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ብርድ ገባ።»

ኣስካል እጇን ዘርግታ የሚኒባሱን በር ሳበችው።

ከሳበችው በኋላ ነው ያደረገችውን ያወቀችው። «እኔን መስሎኝ» አለች። መኪናው ሙሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እሷም ቅርጫቷ ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ለመሆኑ ጣይባ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ ጣይባ። እንባቸው ይወርዳል፣ ይስቃሉም፤ የነጠላቸው ጫፍ ለሁለቱም አልበቃ አለ።

ረዳኢ ካሴቱን ቀስ ብሎ አወጣው። ገልብጦ አየው፣ ወደ እሳቸው አዞረና አሳያቸው። አንድ ክር አልተሳበም። «ደህና ነው፣ ኣደይ። ቴፔ አከበራቸው። ቤት ምን ሆነ ብለው ነው እንዲህ የፈሩት?»

«ቤት ሲሰማ ከብርድ ልብስ ሥር ነው። ሬዲዮው ግን ደህና ነው።»

«ሬዲዮው ከካሴት ጋር ምን አገናኘው? ካሴቱን የምትነካ ሄድ የምትባል ትንሽ ብረት አለች። የያዛት አንዲት ብሎን ናት። ብሎኗ ፀጉር ታህል ከዞረች ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ወፍራሙ ይቀራል። ካሴቱ ምንም አይሆንም። ብሎኗን ወደ ቦታዋ መመለስ ነው።» በመስታወቱ አያቸው። «ቤት ካቻቢቴ የምትወድ ነፍስ አለች?»

እማማ ጣይባ ካሴታቸውን መሐረብ ውስጥ ቋጠሩት። መኪናው መጨረሻው ደርሶ ሲዞር አብረው ዞሩ። ረዳኢ በራቸው ሥር አወረዳቸውና ሁለተኛውን ሂሳብ እምቢ አለ።

ቤት ሲገቡ ሩፋይዳ መሬት ላይ ነች። ቴፑ ፊቷ ተቀምጧል፣ የካሴት መክደኛው ተነቅሏል፣ በእጇ መምህር ኣስመላሽ የተወላት ትንሿ ካቻቢቴ አለች። ያቺ ጥቁር ኮምፒዩተር ሽቦዋ ተጠቅልሎ፣ በመጣችበት ፌስታል ገብታ አልጋው ላይ ናት። ልጅቱ አያቷን ስታይ ካቻቢቴዋን ቀሚሷ ሥር ከተተችው።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም።»

«ሩፊ።»

ሩፋይዳ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጣ። «የአባባን ካሴት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እምዬ። ሐሙስ ጓሮ ሆኜ ሰማሁት። የጨዋታውን ካሴት ኮምፒዩተሯ አላነብ ስትለኝ ጊዜ መምህር ኣስመላሽ ብሎኗን አዙሪያት፣ ፉጨቱ ሲቀጥንልሽ ታነበዋለች ብሎኝ ነበር። ስትጨርሺ ወደ ነበረችበት መልሺያት ብሎኛል። የነበረችበትን አላስታወስሁም። መልሼ ባዞራት ባሰባት። እሱ እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ነበር፣ አልመጣም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደንግጠው ይሞታሉ ብዬ ነዋ።»

እማማ ጣይባ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔ ደግሞ አንቺ ትደነግጫለሽ ብዬ ዝም አልሁ» አሉ። «አምስት ቀን ሙሉ። ያንን የጨዋታ ካሴት እንኳን ደብቄ...»

«ፍራሹ ሥር ነው» አለች ሩፋይዳ። «አውቃለሁ። የደበቁት በእኔ በኩል ነው፤ ስተኛ ጎኔን ይወጋኛል።»

እማማ ጣይባ መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ልጅቱም ሳታስበው አብራ ሳቀች። መሐረባቸውን ፈቱና ካሴቱን ሰጧት። «አባባሽ ደህና ናቸው። ዛሬ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሰምቷቸዋል። ብሎኗ ናት እንጂ እሳቸው ምንም አልሆኑም።»

ሩፋይዳ ካሴቱን አልተቀበለችም። «እኔ አልነካውም። እሱ ይምጣ።»

«ዛሬ አንዲት ሐኪም ጆሮዬ ከእሷ ጆሮ እንደሚበልጥ ነግራኛለች» አሉ እማማ ጣይባ። «እኔ እሰማለሁ፣ አንቺ ታዞሪያለሽ። ነይ።»

ካሴቱ ገባ። ድምፁ ታፍኖ መጣ። ሩፋይዳ ካቻቢቴዋን በትንሿ ቀዳዳ አስገብታ እጇን ለማጽናት ትንፋሿን ያዘች። እማማ ጣይባ ዐይናቸውን ጨፍነው ጭብጨባውን ብቻ ፈለጉ።

«አዙሪ። ተይ፣ ጭራሽ ጠፉ። ወደዚያ መልሺ። ቀስ... ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሻል። አሁን መጡ። ትንሽ። አለፍሻቸው። ተመለሺ፣ ፀጉር ታህል። ያዥ። እዚያ ጋ ተያት።»

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። አብዱልወዱድ ጥርት፣ ጮክ ብለው ያወጣሉ። ሩፋይዳ ካቻቢቴዋን እንደያዘች አለቀሰች፤ ለአምስት ቀን የተጠራቀመ ነው፣ አያቷም ዝም ላሰኛት ብለው አልተቸገሩም። ዕለቱ ሰኞ እንጂ ሐሙስ አለመሆኑን ሁለቱም ረስተውታል።

ለቅሶው ሲያልቅ ልጅቱ የእናቷን ቀይ የጥፍር ቀለም ከመስታወቱ ሥር አምጥታ፣ ከብሎኗ ጠርዝ አንዲት ነጥብ አስቀመጠች። «ይሄ የአባባ ቦታ ነው። ከእንግዲህ አይጠፋም።» ከዚያ ኮምፒዩተሯ ወዳለችበት ፌስታል ተመለከተችና፣ «መምህር ኣስመላሽ ሲመጣ መልሼ እሰጠዋለሁ» አለች።

እማማ ጣይባ ፌስታሉን አዩ። ስለ ዐይኗ ሊሉ ነበር፣ ስለ ጨረሩም ሊሉ ነበር። ተነሥተው ከፍራሹ ሥር የጨዋታውን ካሴት አወጡ። «እሷስ ቦታ የላትም?» አሉ። «ፈልጊላትና ሌላ ነጥብ አድርጊላት። ሐሙስ ከዐስር በኋላ ግን ብሎኗ አባባሽ ጋ ትሁን።»

ረምላ ማታ ላይ ከገበያ ስትገባ ብረቱ ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ ደርቋል። ፉጨቱም አብቅቷል። እናቷ ከቴሌቪዥኑ ፊት ዱካ ላይ፣ ከልጅቱ ጎን፣ በአንድ ክንድ ርቀት ተቀምጠዋል።

«እማ፣ ጨረሩስ?»

«ዝም በይ፣ እየወረዱባት ነው» አሉ እማማ ጣይባ ሳይዞሩ። ጢንዚዛዎቹ ሦስት ረድፍ ሆነው ይመጣሉ። «ሩፊ፣ ይቺ መንኮራኩር ውስጥ ሰው አለ?»

«አለ። አንድ ሰው።»

«ብቻውን? ምን እየበላ?»

«እምዬ፣ እየተጫወትሁ ነው።»

«በግራሽ መጣ። በግራሽ ነው የምልሽ።»

ሩፋይዳ ዘግይታ ዞረች። መንኮራኩሯ ነጭ ብናኝ ሆና ተበተነች። እማማ ጣይባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ሞተ?»

«ሌላ አለኝ፣ እምዬ። ሁለት ይቀረኛል።»

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ እማማ ጣይባ፣ ዱካቸውንም ትንሽ ወደ ፊት ሳቡ።